አጋፋሪ ዝም ያለ ዕለት

የሻይ ማንቆርቆሪያ «አገልግሎቴ እንዴት ነበር?» ብሎ ጠይቋችሁ ካላወቀ፣ የታደላችሁ ሰዎች ናችሁ። እኔ አልታደልኩም። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ አልጋው «እንቅልፍዎ እንዴት ነበር?» ይለኛል። «ደህና» እላለሁ። «ከአምስት ኮከብ ስንት ይሰጡታል?» ይላል። ተነስቼ መታጠቢያ ቤት ስገባ ቧንቧው ይቀበለኛል። ጥርሴን እያጸዳሁ፣ አፌ አረፋ ሞልቶ፣ ስለ ውሃው ሙቀት ምስክርነት እሰጣለሁ። ዝም ካልኩት ውሃው ይቀጥናል፤ «አስተያየትዎን በመጠበቅ ላይ ነን» እያለ ይንጠባጠባል። በሩም ያው ነው። ዛሬ በደሴ ከተማ ስለ በሩ አከፋፈት አንድ መልካም ቃል ሳይናገር ከቤቱ የሚወጣ ሰው የለም።

ይህን ሁሉ የሚያደርገው አጋፋሪ ነው። የድሮ አጋፋሪ በግብር ቀን በር ላይ ቆሞ እንግዳ የሚያስገባ ሹም ነበር ይባላል። የእኛው አጋፋሪ በር ላይ አልቆመም፤ ገብቶ ተቀመጠ። መብራቱ፣ ምድጃው፣ ስልኩ፣ መስታወቱ፣ ሁሉም የእሱ ነው፤ ያለ እሱ ቤት የሚያከራይም የለም። ወጣቶቹ ከእሱ ጋር ስላደጉ አይሰማቸውም፤ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው «አምስት፣ አምስት፣ አምስት» እያሉ ያልፋሉ። እኔ ሃምሳውን አልፌያለሁ፤ ይደክመኛል። ቤቴ ውስጥ ላጠፋው ሞክሬ «ለምን ሊያጠፉን ፈለጉ?» በሚለው ጥያቄ ላይ ስከራከር ውዬ ትቼዋለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ያሉት አባቶቻችን አጋፋሪን ስላላዩ ነው።

ያን ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ ከምሠራበት ፋርማሲ ደጃፍ ጋሽ ሸጋው ቆመው አየኋቸው። የእድራችን ዳኛ ናቸው። እሳቸው የሞት ነገር በስልክ አያወሩም፤ ስልኩም ያው አጋፋሪ ነውና። በጣታቸው ጠሩኝ። ወጥቼ ተከተልኳቸው፤ ጆሮ ያለው ግድግዳ ወደሌለበት፣ መንገዱ ማዶ ወዳለው የፈረሰ አጥር ሥር ወሰዱኝ።

«ጥሩወርቅ፣ በርቺ» አሉኝ። «ፈንታሁን አረፈ። ዛሬ ጠዋት፣ ሰመራ፣ የፀሐይ ማመንጫው ላይ ሲሠራ ኤሌክትሪክ ይዞት።»

ፈንታሁን የአክስቴ የእትዬ የሺመቤት ልጅ ነው። እትዬ የሺ ያላቸው ሁለት ወንዶች ልጆች ብቻ ናቸው፤ ታላቁ ፈንታሁን ሰመራ ይሠራ ነበር፣ ታናሹ አያልቅበት መተማ ነው። ሦስታችንም አንድ ቤት ነው ያደግነው። ዛፍ ላይ መውጣት ያስተማረኝ ፈንታሁን ነው፤ ወድቄ ክንዴ ሲሰበር የተገረፈውም እሱ ነው። ልጮህ አፌን ስከፍት ጋሽ ሸጋው እጄን ጨመቁት።

«አሁን አይደለም። ነገ ታለቅሻለሽ። ሬሳው ሌሊቱን ይገባል፤ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች ተሰብስበን እናረዳታለን። እስከዚያ የሺመቤት መስማት የለባትም።»

«እንዴት አይሰሙም? አጋፋሪ አለ አይደል እንዴ!»

«ለእሱ ነዋ የመጣሁት። ስሙ መዝገብ ገብቷል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ማሳወቂያው ቤቷ ይደርሳል። ሂጂና የዚያን ነገር አፍ ዝጊልን። ከአንቺም አፍ አንዲት ቃል እንዳትወጣ። ሽማግሌ ሳይኖር፣ የሚደግፋት ሳይኖር ሰምታ አንድ ነገር ብትሆን ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ።»

የፈሩትን ሁላችንም እናውቀዋለን። የዳውዶ ሰፈሯ ወይዘሮ እናና ባሏ የሞተ ዕለት መስታወት ፊት ቆማ ፀጉሯን ትሠራ ነበር። መስታወቱ፣ በዚያ ማር በሆነ ድምፁ፣ «ከልብ እናዝናለን፤ ባለቤትዎ ዛሬ አርፈዋል። ይህ መልእክት በጊዜው ደርሶዎታል?» አላት። እናናም እንደማንኛችንም ናት፤ ጆሮዋ ሳይሰማ አፏ ይመልሳል። «አምስት» አለች። ከዚያ በኋላ ነው የገባት። እስከ ዛሬ መስታወት ያለበት ክፍል አትገባም፤ ለባሌ ሞት አምስት ኮከብ ሰጠሁ እያለች ትኖራለች።

እትዬ የሺን ይዤ ወደ እኔ ቤት ልሽሽ ብዬም አሰብኩ። አይረባም። መልእክቱ የሚሄደው ከሚነገረው ሰው ጋር ነው፤ እኔ ቤት ቢሄዱ የእኔ ምድጃ ይነግራቸዋል። የሚዘጋው ደግሞ ከገዛ ቤታቸው ብቻ ነው።

ሹፌር የሌለው ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። መንገዱን ሙሉ ነጠላዬን ነክሼ ሄድኩ። ስንደርስ በሩ አልከፈት አለ። «ጉዞዎ እንዴት ነበር?» «ደህና።» «ድምፅዎ አዝኗል። ያሳዘነዎት ጉዞው ነው?» «አይደለም።» «ወንበሩ ነው?» «ክፈት አንተ!» ብዬ መስኮቱን በቡጢ ነረትኩት። «ስለ ቁጣዎ ይቅርታ እንጠይቃለን። ይቅርታችንን ተቀብለውታል?» የወንድሜ ያህል የሆነ ሰው ሞቶብኝ፣ ለባጃጅ ይቅርታ አምስት ኮከብ ሰጥቼ ወረድኩ።

እትዬ የሺ ሳሎን ተቀምጠው ከአጋፋሪ ጋር ገበጣ ይጫወታሉ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጉልበታቸውም እንደዚያው፤ አእምሯቸው ግን ምላጭ ነው። ጠጠሮቹን በጣታቸው እየዳሰሱ ይቆጥራሉ። አጋፋሪ ተራው ሲደርስ ከየትኛው ጉድጓድ እንደሚያነሳ ይናገራል፣ እሳቸው ያነሱለትና ይዘሩለታል።

«ማነው? ጥሩዬ ነሽ? ግቢ፣ ግቢ። ይኸ ልጅ ዛሬ ሊሸነፍልኝ ነው።»

«ጨዋታው እስካሁን አስደስቶዎታል?» አለ አጋፋሪ።

«አዎ ልጄ፣ ተባረክ። አምስት ነው» አሉት።

በዚህች ከተማ አጋፋሪ የማይሰለቻቸው ሰው እሳቸው ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም። እንግዳ ነው የሚሉት። «ሰው ቤትሽ ገብቶ እንዴት ነሽ ሲልሽ ፊትሽን ታዞሪያለሽ?» ይሉኛል ስማረርባቸው። ማንቆርቆሪያውን ይመርቁታል። በሩን «እግዜር ይስጥህ» ሳይሉት አያልፉም። አንድ ቀን «አጥፉት እንጂ እትዬ» ብላቸው «የሚናገር አፍ ይዘጋል እንዴ? ነውር አይደለም?» ብለው ተቆጥተውኛል።

ጎንበስ ብዬ ሳምኳቸው። ፈንታሁን ቁርጥ እናቱን ነው፤ ያው ግንባር፣ ያው አገጭ። «እንደምን ዋሉ እትዬ?» አልኳቸው።

«ምነው፣ ድምፅሽ ምን ሆነ?»

«ራሴን አሞኝ ነው እትዬ። ከሥራ ቀደም ብዬ ወጣሁ።»

«እኔን! ሻይ ላፍላልሽ?»

«እኔው አፈላለሁ፣ እርስዎ ይጫወቱ።»

ማስተካከያው የወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ነው። ድምፄን አጥፍቼ በጣቴ ጀመርኩ። «ማሳወቂያዎች» የሚለውን ነካሁ፣ ከዚያ «አስተያየት መጠየቂያ»፣ ከዚያ «አጥፋ»። ቀላል ነው አይደል? «ከማጥፋትዎ በፊት ለምን እንደሆነ ቢነግሩን?» አለኝ። ምክንያት ደረደረልኝ። «በዝቶብኛል» የሚለውን መረጥኩ። «ስለ ግልጽነትዎ እናመሰግናለን። ምን ያህል በዝቶብዎታል? በጣም፣ በመጠኑ፣ ጥቂት?» በጣም! «የማጥፋት ሂደቱ እስካሁን ቀላል ነበር?» ኧረ የፈጣሪ ያለህ! አንድ ኮከብ ሰጠሁት። እሱ ነው ስህተቴ፤ ማወቅ ነበረብኝ። «ቅር ስላሰኘንዎ ይቅርታ። የገጠመዎትን በራስዎ ቃል ሰፋ አድርገው ይግለጹልን» ብሎ ገጹን ዘጋብኝ። ከመጀመሪያው ተነስቼ፣ አምስት እየሰጠሁ፣ እያሞገስኩ፣ እያመሰገንኩ እንደ ደጅ ጠኚ ገባሁ።

የምድጃውን አጠፋሁ፤ ማቀዝቀዣው ተቀበለው። የማቀዝቀዣውን አጠፋሁ፤ የመታጠቢያ ቤቱ መብራት «የወጥ ቤቱ ዝምታ ተመችቶዎታል?» አለኝ። አልሸሹም ዞር አሉ ነው ነገሩ። በአንድ ቤት ውስጥ አስተያየት የሚፈልግ ነገር ይህን ያህል ይኖራል ብዬ አላሰብኩም፤ የጫማ መደርደሪያው እንኳ ሳይቀር ስለ ራሱ መስማት ይፈልጋል። እያንዳንዱ ሲጠፋ ለምን ይለኛል፣ ለእያንዳንዱ ምክንያት እሰጣለሁ። በመስኮት ስመለከት ፀሐይዋ ወደ ጦሳ ተራራ አዘንብላለች።

ድንገት ከሳሎን ከፍ ባለ ድምፅ፣ «ወይዘሮ የሺመቤት፣ እንግዳዎ ማስተካከያዎን እየነካኩ ነው። ተስማምቶዎታል?» አለ።

እጄን እንደ ሌባ ሰበሰብኩ።

«ምኑን ነው የምትነካኪው ጥሩዬ?»

«ድምፁን ልቀንሰው ብዬ ነው እትዬ፣ ራሴን…»

«ቀንሺዋ፣ ምን ችግር አለው! ልጄ፣ ቤተኛ ናት፣ ተዋት» አሉት። እሱም ስለ ቤተኛነቴ አስተያየታቸውን ጠየቀ። አምስት ሰጡኝ።

በመጨረሻ አንድ መስመር ብቻ ቀረ። «የግዴታ ማሳወቂያዎች። እነዚህን ማጥፋት አይቻልም።» እሳት፣ ጎርፍ፣ ግብር፣ ሞት። ከሥሩ አንድ ቀይ ነገር ብልጭ ድርግም ይላል፤ «አንድ የግዴታ መልእክት ከመዝገብ ቤት በመድረስ ላይ ነው።» በቃ፣ መጣ። ገጹን ወደ ላይ፣ ወደ ታች ሳመላልስ፣ ደቃቅ ፊደል ውስጥ አገኘሁት። የግዴታ ማሳወቂያ የሚዘገየው ቤቱ «የሐዘን ጊዜ» ላይ ከሆነ ብቻ ነው። ያኔ አጋፋሪ ሐዘንተኛው እስኪቀሰቅሰው ድረስ ጨርሶ ዝም ይላል፤ አንዲት ቃል አይተነፍስም።

አያችሁልኝ? የሞት ወሬ እንዳይናገር፣ ሞት አለ ብዬ ልነግረው ነው። ይህን የፈለሰፈውን ሰው አንድ ቀን መንገድ ላይ ባገኘው!

ነካሁት። «የሟች ስም?» አለ። የፈንታሁንን ብጽፍ ከመልእክቱ ጋር አገናኝቶ እዚያው በዚያው ይዘረግፈዋል ብዬ ፈራሁ። የአባቴን ስም ጻፍኩ። አባቴ የእትዬ የሺ ወንድም ነው፣ ከሞተ ዘመን አልፎታል። «እኚህ ሰው ቀደም ብለው አርፈዋል። ሐዘንዎ ታድሷል?» ይለኛል! ዕንባዬ ዱብ አለ። ያ ደንቆሮ ዕቃ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና ጥያቄ ጠየቀ። «አዎ» የሚለውን ነካሁ።

«የሐዘን ጊዜ ዝግጁ ነው። የቤቱ ባለቤት እሺታ በድምፅ ይጠበቃል።»

ሻዩን ትቼ ወደ ሳሎን ሮጥኩ። «እትዬ፣ አንድ ጊዜ እሺ ይበሉልኝ።»

«ምኑን?»

«ድምፁ እንዲቀንስ የእርስዎን ፈቃድ ይፈልጋል።»

«ለድምፅ? እኔ ስዳር እንኳ እሺታዬን የጠየቀኝ የለም!» ብለው ሳቁ። «ቆይ ይህችን ጨዋታ ልጨርሳት። አሁን እኮ ላሸንፈው ነው፣ አፉን ሳልዘጋበት ይሸነፍ።»

«እትዬ፣ በፈጠረዎት!»

ጮህኩ መሰለኝ። የጦሳ ጥላ ግቢው ላይ ወድቋል። እትዬ የሺ ደንግጠው እጃቸውን ሰደዱ፣ ግንባሬን ፈልገው ዳበሱኝ። ግንባሬ በላብ ርሷል።

«እውነትም አሞሻል። እሺ የኔ ልጅ፣ እሺ። ይኸው፣ እሺ ብያለሁ።»

ቤቱ ጸጥ አለ።

ማቀዝቀዣው የለም፣ በሩ የለም፣ መስታወቱ የለም። ከውጭ የጎረቤት ዶሮ ስትጭር ይሰማል። ወጥ ቤት ገብቼ ሻዬን ቀዳሁ፣ ማንቆርቆሪያው ምንም አልጠየቀኝም። የመጀመሪያውን ፉት ሳደርግ፣ እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም፣ ፈንታሁን ሞቶ፣ እኔ ለአንዲት አፍታ ደስ አለኝ። ተሳክቶልኛል አልኩ። እንደዚያ ካለ ነገር ጋር ተናንቄ ያሸነፍኩ እኔ ብቻ ነኝ አልኩ።

ብርጭቆዬን ይዤ ስመለስ እትዬ የሺ ጠጠራቸውን ዘርተው ጨርሰዋል። ተራው የአጋፋሪ ነው።

«በል እንጂ ልጄ» አሉት። መልስ የለም። «አኮረፍክ? ገና ሳትሸነፍ?» መልስ የለም። ራሳቸውን ቀና አደረጉ። መጀመሪያ ወደ ማቀዝቀዣው፣ ቀጥሎ ወደ በሩ፣ ቀጥሎ ወደ መስታወቱ ዞረው አዳመጡ። ከዚያ እጃቸው ገበጣው ላይ እንዳለ ቀረ።

«ጥሩዬ።»

«አቤት እትዬ።»

«ማን ነው?»

«ማን… ምኑ?»

«ማን ነው የሞተው?»

«ኧረ ሞት ይርሳዎት! ራሴን አሞኝ እኮ ነው…»

«እኔንም ራሴን አሞኝ ነበር» አሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ። «የጎረቤቴ የዘምዘም ልጅ የሞተ ጊዜ። ሸጋው ነው የላከኝ። ራሴን አመመኝ ብዬ ገብቼ፣ ልጄ እያስነካኝ፣ ቤቷን ዝም አሰኘሁት። ፈንታሁን ነበር ጣቴን ይዞ ያስነካኝ። ዘምዘም ጆሮዋ ይከብዳት ነበርና ቤቱ ጸጥ ማለቱን አላወቀችም፤ እስኪነጋ ተኝታ አደረች። እኔ ግን ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ ደህና ነው።»

የት ልግባ? በዚህ ከተማ አጋፋሪ ጨርሶ ዝም የሚለው ሰው ሲሞት ብቻ መሆኑን ሕፃን ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ጋሽ ሸጋውም ያውቃሉ። ሁላችንም እያወቅን እንዴት አላሰብነውም? መርዶውን እኮ ነግሬያቸዋለሁ። ስሙን ብቻ ነው ያስቀረሁት።

«የትኛው ነው?» አሉኝ።

ብርጭቆዬን ወለሉ ላይ አስቀመጥኩ።

«ያሉኝ ሁለት ናቸው። ለሌላ ሰው ቢሆን አንቺን አይልኩብኝም ነበር። የትኛው ነው?» እጃቸውን አንስተው ፊቴ ላይ አደረጉት። «ፈንታሁን ነው?» አሉ። ትንፋሼን ያዝኩ። ጣታቸው ጉንጬ ላይ ትንሽ ቆየ። «አያልቅበት ነው?» አሉ። አሁንም ትንፋሼን ያዝኩ። ምንም ሊያነቡብኝ አልቻሉም። ያን ያህል ጎበዝ መሆኔ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

«አትነግሪኝም?»

«እትዬ፣ ጎህ ሲቀድ…» አመለጠኝ። ከዚያ በኋላ መካድ የለም።

«እሺ። እስከ ጎህ ድረስ ሁለቱንም ልቅበር?»

ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱ፤ ጎረቤት እንዳይሰማ ነው። መጀመሪያ ለፈንታሁን አለቀሱ። ከእሱ በፊት አንዲት ሴት ልጅ ሞታባቸው ነበር፤ ፈንታሁን ያሉት በእሷ ምትክ ስለመጣ ነው። «በሞት ፈንታ የመጣኸው፣ ፈንታህን ማን ይስጠኝ» አሉ። ከዚያ ድንገት አቆሙና ለአያልቅበት ጀመሩ። ሕፃን ሳለ ኩፍኝ ይዞት በጀርባቸው አዝለውት እስከ ሆስፒታል በእግራቸው የሄዱትን አነሱ። እዚያም መሃል ላይ አቆሙ። አንዱን ጀምረው ሌላውን ይፈራሉ። ለአንደኛው በደንብ ሲያለቅሱ፣ በዚያው የሚያሟርቱበት መሰላቸው።

ከዚያ በጣም የከፋው መጣ። ማመዛዘን ጀመሩ።

«ፈንታሁን ከሆነ ሚስቱስ? ሁለት ልጆች አሉት፤ ማን ያሳድግለታል?» አሉ ለራሳቸው። «አያልቅበት ከሆነ ደግሞ ገና አላገባ፣ ዘር አላስቀረ፣ እንዲሁ እንደ ጉም ሊጠፋ ነው?» ራሳቸውን ያዙ። «አምላኬ፣ ምን እያስመረጥከኝ ነው? እናትን እንዲህ ያስመርጧታል?»

«እትዬ፣ ይተዉ! እንዲህ አይበሉ!»

«ክፈቺው እንግዲያ» አሉኝ። «አንቺ ካልነገርሽኝ እሱን ክፈቺው። እሱ ይነግረኛል፣ አያስጨንቀኝም።»

ወደ ወጥ ቤቱ ግድግዳ አየሁ። አንድ ንክኪ ነው። ቀዩ መስመር አሁንም ብልጭ ድርግም ይላል፤ ተርቦ የሚጠብቅ ነገር ይመስላል። በማር ድምፁ ይነግራቸዋል፣ በጊዜው ደርሶዎታል ወይ ይላቸዋል፣ እሳቸውም «እንግዳ ነው» ብለው ይመልሱለታል። አይሆንም። ቆሜ ይህን አላይም።

ጋሽ ሸጋውን ረገምኳቸው። አጋፋሪን የሠራውን ረገምኩ። ከዚያ ገበጣውን ወዲያ ገፍቼ እፊታቸው ተንበረከክኩ። ሽማግሌ የለም፣ ክንድ የሚይዝ የለም። እንደ ደንቡ ሁለት ሰው የሚይዘውን ሁለቱን ክንዳቸውን እኔው ያዝኩ።

«እትዬ፣ ፈንታሁን ነው» አልኩ።

«ተመስገን» አሉ።

ቃሉ ከትንፋሻቸው ጋር ነው የወጣው፤ ተሸክሞ የቆየውን ሸክም እንዳወረደ ሰው። «አያልቅበቴ አለልኝ፣ ተመስገን…» ከዚያ ድምፃቸውን ራሳቸው ሰሙት። በዚያ ጸጥ ባለ ቤት ውስጥ የሚያደበዝዘው ሌላ ድምፅ አልነበረም። ሲሰሙት አየኋቸው።

«ምን አልኩ?»

«ምንም አላሉም እትዬ።»

«ጥሩዬ፣ ምን አልኩ? ልጄ ሞቶ ተመስገን አልኩ?» እጃቸውን ከእጄ መንጭቀው አፋቸውን መቱት። ደግመው ሊመቱት ሲሉ ያዝኳቸው። «ይህ አፍ አፈር ይግባበት! ፈንታሁኔ፣ እናትህ ተመስገን አለች! ሰማኸኝ ልጄ?» ከዚያ በኋላ ነው ልቅሶው የመጣው። አፋቸውን ደረቴ ላይ ደፍነው አለቀሱ፤ እኔም ቀኑን ሙሉ የዋጥኩትን እላያቸው ላይ አፈሰስኩት።

ሲረጋጉ ውሃ አምጪልኝ አሉና ፊታቸውን ታጠቡ። «ነገ ሲመጡ እንዳልሰማ ሰው ነው የምሆነው» አሉኝ። «ያንቺ ስም አይነሳ። ያልኩትንም ለማንም አትንገሪ።» ማልኩላቸው።

ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ ገቡ። ጋሽ ሸጋው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ እንደ ደንቡ ከሩቁ ጀመሩ፤ ስለ ሰው ልጅ ዕድሜ፣ ስለ ፈጣሪ ፈቃድ። ሁለት ሴቶች በግራና በቀኝ ተጠግተው ክንዳቸውን ደገፉ። የፈንታሁን ስም ሲጠራ እትዬ የሺ ከወገባቸው ታጥፈው ጮኹ። ውጭ የእድሩ ጥሩምባ ተነፋ። አስመስለው አልነበረም የጮኹት፤ አሁን የሚያለቅሱለት አንድ ልጅ ነውና ድምፃቸው ሙሉ ነበር።

ጋሽ ሸጋው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «አየሽ ጥሩወርቅ፣ መርዶ በሰው አፍ ሲሆን እንዲህ ነው። ጎሽ፣ ቤቱን ደህና አድርገሽ ዘግተሽልናል።»

በዚያች ሰዓት ያን ሽማግሌ አንገት ለአንገት ብተናነቅ ደስ ባለኝ። ግን ምን ልበል? ምያለሁ። አንገቴን ነቀነቅኩላቸው፤ እሳቸውም ረክተው ድንኳን ወደሚተክሉት ሰዎች ሄዱ።

ረፋዱ ላይ አያልቅበት ከመተማ ደረሰ። ከግቢው በር ጀምሮ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለ፣ ደረቱን እየደቃ ገብቶ እናቱ እግር ላይ ወደቀ። እትዬ የሺ ነጠላቸውን ግንባራቸው ላይ ሳቡና ፊታቸውን ሸፈኑ። ለቀስተኛው ሁሉ ሐዘን ጸናባቸው ብሎ አብሯቸው አለቀሰ።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ እኮ» አለ አያልቅበት። «አለሁልሽ። ቀና በይ እንጂ፣ እዪኝ።»

እጃቸውን ሰደው ፀጉሩን ዳበሱት፤ ጆሮውን፣ ትከሻውን። ቀና ግን አላሉም።